ኳሷ ለምን አጠረችብኝ? በህንድ ብሔራዊ ጨዋታዎች ወለል ስወለውል የተማርኩት

ባድሜንተን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። መረብ አልነበረንም። በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ወጥረን ሹራባችንን እንሰቅልበታለን፤ ያ ነው መረባችን። ኳሷ ፕላስቲክ ናት። ነፋስ ሲነሳ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። የሚያወርዳት ሰው ሲፈለግ የእረፍት ሰዓቱ ያልቃል።

በኋላ አዳራሽ ውስጥ መጫወት ጀመርን። ያኔ ከእኩዮቼ ሻል እል ነበር። ከኋላ መስመር ላይ ሆኜ አንዴ ከመታኋት ኳሷ የተጋጣሚዬን ሜዳ እስከ መጨረሻው ታቋርጣለች። «እጇ ብረት ነው» ይሉኛል። እኔም አምኛቸው ኖሬአለሁ።

ለትምህርት ህንድ ስሄድ ራኬቴን ከበርበሬና ከሽሮው ጎን ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ነበር። የደረሰኝ ከተማ ሱራት ነው። ጉጃራት ግዛት ውስጥ፣ ታፒ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል የምትገኝ፣ በአልማዝ ቆረጣና በጨርቃ ጨርቅ የምትታወቅ ከተማ ናት። ሙቀቷን አላወራም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰፈሬ ባለ አዳራሽ ከአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጋር ገጠምኩ። 21 ለ 6 ሸኘችኝ። መሸነፌ አይደለም ያናደደኝ። ከኋላ መስመር በሙሉ ኃይሌ የምመታት ኳስ ሁሉ መሀል ሜዳ ላይ ትወርዳለች። ልጅቷ ቆማ ትጠብቃትና በስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ኃይለኛ ምት፣ እግሬ ሥር ትቀብራታለች። ራኬቴ ላልቶ ነው ብዬ ክሩን አስጠበቅኩ። ጭራሽ ባሰ። ለካ ክር ሲጠብቅ ኳስ የመወርወር አቅሙ ይቀንሳል።

ምክንያቱ የገባኝ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱራት ደግሞ ከባሕሩ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የባድሜንተን ኳስ እንደ እግር ኳስ ወይም እንደ ቴኒስ ኳስ አይደለችም። ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። በቡሿ ላይ የተሰኩት 16 ላባዎች ጃንጥላ ናቸው፤ አየር ይዟት ያስቀራታል። አየሩ ሲሳሳ የሚይዛት የለም። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ «ብረት» የነበረው የእኔ እጅ አልነበረም። አየሩ ነው።

እዚያው አገራችን ውስጥ እንኳ አስቡት። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። አንድ የጋምቤላ ልጅ ክልሉን ወክሎ ለአገር አቀፍ ውድድር አዲስ አበባ ቢመጣ የለመደው ምት ሁሉ ከሜዳ ውጪ ይወጣበታል። የአዲስ አበባው ልጅ ቁልቁል ቢወርድ ደግሞ እኔ የደረሰብኝ ይደርስበታል። ሁለቱም ቤታቸው ሲመለሱ «ፈርቼ ነው» ይላሉ። ፍርሃት ሊኖር ይችላል። ኳሷ ግን ሌላ ኳስ ሆናለች።

አሁን ወደ ብሔራዊ ጨዋታዎቹ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ጉጃራት 36ኛውን የህንድ ብሔራዊ ጨዋታዎች አስተናገደች። ከዚያ በፊት የነበረው እ.ኤ.አ. በ2015 ኬረላ ግዛት ላይ ነው፤ ሰባት ዓመት ተጓትቶ ነበር ማለት ነው። ግዛቶች በየራሳቸው ቡድን ይመጣሉ፣ የጦር ኃይሎችም የራሳቸው ቡድን አላቸው። አትሌቲክሱ፣ ትግሉ፣ ዋናው፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን በተለያዩ ከተሞች ይካሄዳል። መክፈቻው አህመዳባድ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሆነ። እኛ አበሾቹ መስቀልን በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በተሠራ ዶሮ ወጥ ካከበርን ሁለት ቀን አልሞላንም። ዩኒቨርሲቲው በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ሲል ስሜን ሰጠሁ። ባድሜንተኑ እዚያው ሱራት፣ በፓንዲት ዲንዳያል ኡፓድያይ የቤት ውስጥ ስታዲየም ነበር። «ባድሜንተን አውቃለሁ» አልኩ። መወልወያ ሰጡኝ።

ሳቁ እንጂ እንደ ወልዋይ ጨዋታውን በቅርብ የሚያይ የለም። የኔ ቦታ ከሜዳው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። አንድ ተጫዋች ኳስ ለማንሳት ተወርውሮ በሆዱ ሲወድቅ የላቡ ቅርጽ ወለሉ ላይ ይቀራል። ደረት፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ሁሉም ይታያል። ያንን ነው የምታደርቁት። መወልወያውን አታነሱም፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ገፍታችሁ፣ አዙራችሁ በደረቁ በኩል ትመለሳላችሁ። ወዲያ ወዲህ ካሻችሁት ላቡን ማስፋት ነው፣ የሚቀጥለው ሰው ተንሸራቶ ይወድቃል።

በመጀመሪያው ቀን ጉድ ሠራሁ። ላብ አየሁና ዘልዬ ገባሁ። ዋናው ዳኛ አልጠራኝም ነበር። ሰርቪስ መቺዋ ራኬቷን አዘጋጅታ፣ ተቀባይዋ ጎንበስ ብላ፣ እኔ መሀል ላይ መወልወያ ይዤ። ዳኛው እጁን ዘረጋ። አዳራሹ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወልዋይ የሚገባው ዳኛው ሲጠራው ብቻ ነው። ተጫዋችም ቢሆን ላብ ለማስጠረግ፣ ውሃ ለመጠጣት ወይም ኳስ ለማስቀየር ዳኛውን ያስፈቅዳል። እኛ ሰፈር እንደልባችን ስለምንጫወት ይህ ነገር አገር አቀፍ ውድድር ላይ ብዙ ልጆችን ያስቀጣል። ትንፋሽ ለመግዛት ሲሉ ፎጣ ያነሳሉ፣ ጫማ ያስራሉ፣ ከዚያ ቢጫ ካርድ ይመዘዝባቸዋል። የተፈቀደው እረፍት የታወቀ ነው። አንዱ ወገን 11 ነጥብ ሲደርስ እስከ 60 ሰከንድ፣ በጌምና በጌም (እስከ 21 ነጥብ የሚደረስበት አንዱ ዙር) መካከል እስከ 120 ሰከንድ። ውሃችሁንም ምክራችሁንም እዚያ ውስጥ ጨርሱ።

ከጎኔ አንድ የመስመር ዳኛ ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር። ጉጃራት ውስጥ ትልቅ ሰው «ካካ» ይባላል፣ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔም ካካ እላቸዋለሁ። እሳቸው «ቤታ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። በዚያ የመወልወያ ጉድ ማግስት ሻይ ይዘውልኝ መጡ።

«ልጄ፣ ትላንት ምን እያየሽ ነበር?» አሉኝ።

«ላቡን ነዋ ካካ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኳሷን።»

«ሁሉም ሰው ኳሷን ነው የሚያየው» አሉና ወደ ጣሪያው ጠቆሙኝ። ከላይ የተሰቀሉት ጨርቆች ጫፋቸው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። «እዚያ ያለው ነፋስ ነው። ኳሷ መጀመሪያ እሱን ታዳምጣለች፣ ከዚያ ነው ራኬትሽን።»

ለካ ትልቅ አዳራሽ ሁሉ የራሱ ነፋስ አለው። የማቀዝቀዣው አየር፣ የተከፈተ በር፣ የሕዝቡ ሙቀት ሳይቀር ኳሷን ይገፋታል። ከወንበር ላይ አይታይም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመወልወያዬ ጋር ሆኜ ሌላ ነገር ማየት ተውኩ። ጎበዞቹ ሲያሟሙቁ ምን እንደሚያደርጉ አስተዋልኩ። ከአንዱ ጫፍ ሆነው ረጅም ኳስ ወደ ላይ ይመታሉ፤ ጓደኛቸው አይመልሳትም። ዝም ብለው የት እንደምታርፍ ያያሉ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደው ያንኑ ይደግማሉ። በአንደኛው በኩል መስመሩ ላይ ታርፋለች፣ በሌላኛው አንድ ክንድ ታልፋለች። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም ነበር። እኛ ስናሟሙቅ ስማሽ ነው የምንመታው፣ ተመልካች እንዲያይልን።

ነፋሱን ካወቃችሁ በኋላ ዕጣው ላይ ትጠቀሙበታላችሁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ሰርቪስ መምታትን ወይም መቀበልን፣ አለዚያ ደግሞ የሚጀምርበትን ጎን ይመርጣል። አብዛኛው ጀማሪ ሳያስብ «ሰርቪስ» ይላል። ካካ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ተጫዋቾች በየጌሙ ጎን ይቀያይራሉ። ሦስተኛ ጌም ከመጣ ደግሞ አንዱ 11 ሲደርስ እንደገና ይቀያየራሉ። ስለዚህ መጥፎውን ጎን መጀመሪያ የያዘ ሰው የሦስተኛውን ጌም መጨረሻ በመልካሙ ጎን ይጨርሳል። እግር በሚዝልበት፣ ልብ በሚመታበት ሰዓት ማለት ነው። ሁሉም አሠልጣኝ በዚህ አይስማማም፤ ጥሩ ጅማሬ ይሻላል የሚሉም አሉ። ለእኔ ግን የካካ ይሻለኛል።

ነፋሱ ከኋላችሁ ሲሆን ኃይላችሁን ቀንሱ። ረጅሙን ኳስ አሳጥሩት፤ አለበለዚያ ነጥብ በነጻ ማደል ነው። ነፋሱ ከፊታችሁ ከሆነ ግን ሳትፈሩ ምቱት፣ አየሩ ራሱ ሜዳ ውስጥ ያስቀርላችኋል።

የወንዶች ነጠላ ፍጻሜውን በዚህ ዓይን ነው ያየሁት። የቴላንጋናው ሳይ ፕራኒትና የካርናታካው ሚቱን ማንጁናት ናቸው የተገናኙት። ፕራኒት እ.ኤ.አ. በ2019 ባዝል ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘ ሰው ነው። አንድ አንድ ጌም ተካፍለው ሦስተኛው ላይ ፕራኒት ወሰደው። ማን ለምን እንደተሸነፈ እነሱ ያውቃሉ። እኔን ያስገረመኝ ጎን በቀየሩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኳሶች በጥንቃቄ፣ እንደ ወጥ ጨው እየቀመሱ መጫወታቸው ነው። የሴቶቹን ፍጻሜ የቻቲስጋሯ አካርሺ ካሽያፕ የማሃራሽትራዋን ማልቪካ ባንሶድን አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ሕዝቡ ሊያያት የጓጓላት ታዋቂዋ የህንድ ባድሜንተን ተጫዋች ፒ ቪ ሲንዱ ግን መክፈቻው ላይ ተገኘች እንጂ አልተጫወተችም። ነሐሴ ላይ በበርሚንግሃሙ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ ነበር።

ብዙ ስፖርት በአንድ ላይ የሚካሄድበት ጨዋታ ከተራ የባድሜንተን ውድድር ይለያል። መጀመሪያ የድብልቅ ቡድን፣ ማለትም ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቡድን የሚሰለፉበት፣ ውድድር ነበር። ቴላንጋና በፍጻሜው ኬረላን አሸነፈች። የቡድኑ እንዳለቀ ወዲያው የግሉ ይቀጥላል። በስድስት ቀን ውስጥ ነጠላም ጥንድም ድብልቅም የሚጫወት ሰው ስንት ጊዜ ሜዳ እንደሚገባ ቁጠሩት። በቡድኑ ጊዜ ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ በግሉ የመጀመሪያ ዙር ላይ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። አሠልጣኝ ከሆናችሁ ማን የትኛውን እንደሚጫወት ከመምጣታችሁ በፊት ወስኑ። ለክልሉ ሜዳሊያ ሲባል አንድ ልጅ ላይ ሁሉንም መጫን አለ። እኛም አገር አለ፣ እናውቃለን።

እንቅልፍም ጣጣ ነው። ውድድሩ የወደቀው በናቭራትሪ በዓል ላይ ነበር። ጉጃራት ውስጥ በእነዚያ ዘጠኝ ሌሊቶች ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ጋርባ ይጨፍራል፣ ከበሮው እስከ እኩለ ሌሊት ነው። እኔ ወድጄው ወጥቼ ጨፍሬአለሁ፤ በማግስቱ መወልወያው ከበደኝ። ለሚወዳደር ሰው ግን የጆሮ መድፈኛ ከጫማ እኩል ነው። ምግቡ አብዛኛው አትክልት ነው፣ ለእኛ ለጿሚዎቹ አይከብድም። ምስሩ ውስጥ ስኳር መጨመራቸውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ስለ ዕቃ ባጭሩ። ሁለተኛ ራኬት ከሌላችሁ ከቡድን ጓደኛ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክር የሚበጠሰው 19 እኩል ላይ ነው። ጫማው ወለል የማያቆሽሽ የጎማ ሶል ይሁን። መያዣው ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ሁለት ሦስት ትርፍ ያዙ፣ በተለይ ሙቀት ቦታ የምትሄዱ።

የመስመር ዳኝነት ለሚሞክሩም ካካ የነገሩኝን ላካፍል። ኳሷ ስትመጣ በዓይናችሁ እስከ መጨረሻው አትከተሏት። ልትወርድ ስትል ዓይናችሁን መስመሩ ላይ ተክላችሁ ጠብቋት። ውጪ ከሆነች ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ውስጥ ከሆነች ዝም ብላችሁ በቀኝ እጃችሁ ወደ መስመሩ ጠቁሙ። ካላያችሁ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ይህ የመጨረሻው ነው ለሰው የሚከብደው። አላየሁም ማለት ያሳፍራል። ካካ ግን በነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ሸፍነዋል፣ ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ በትርፍ ጊዜዬ ታዳጊዎችን አጫውታለሁ። የላባ ኳስ ውድ ስለሆነ ስንቆጥብ ነው የምንኖረው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። በአንዳንዱ 75፣ 76፣ 77 እያለ እስከ 79 ይሄዳል፤ ሌላው ከ1 እስከ 5 ይጽፋል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ኳሷ ዝግ ያለች ናት። ለከፍታና ለሙቀት ዝቅተኛውን ነው የምትፈልጉት። ሱቅ ግን ያለውን ነው የሚሸጥላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ለባሕር ዳር አገር የተሠራችውን። እንዲህ ሲሆን ሕጉ ራሱ መላ አለው። ከፍታ ወይም አየር ጠባይ ደረጃውን የጠበቀችውን ኳስ የማያስኬዳት ከሆነ ማስተካከል እንደሚቻል ይፈቅዳል። የላባዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ በትንሹ ስታጥፉት ትዘገያለች፣ ወደ ውስጥ ስታጥፉት ትፈጥናለች። በውድድር ላይ ይህ የአዘጋጁ ሥራ ነው፣ ተጫዋች በገዛ እጁ እንዳይነካካ። ልምምድ ላይ ግን የናንተ ነው።

ደረቅ አየር ላይ ላባው ቶሎ ይሰበራል። ማታ የቱቦውን ሁለት ጫፍ ከፍቼ ከሚፈላ ጀበና እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ዘግቼ አሳድረዋለሁ። እናቴ «ለቡና ያልሆነ ጀበና» እያለች ትስቃለች።

መለኪያው ደግሞ ቀላል ነው። ከኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ኳሷን ከሥር ወደ ላይ፣ ከጎን መስመሩ ሳትዛነፍ በሙሉ ኃይል ምቷት። ከተቃራኒው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲሜትር ቀደም ብላ ማረፍ አለባት። እዚያ ውስጥ ከወደቀች ልክ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቤ ሞከርኩት። የመጀመሪያዋ መስመሩን አልፋ ግድግዳውን መታች። አንድ ሁለት ሦስት ብዬ ስድስት ላባ በጥፍሬ ወደ ውጭ አጠፍኩና ደገምኩ። አሁንም አለፈች፣ ግን በትንሹ። ሌሎቹንም አጠፍኩ። ልጆቹ ከበውኝ ቆመዋል፣ አንደኛው ራኬቱን ትከሻው ላይ እንደ ጠመንጃ አንግቶ። በሦስተኛው ምት ኳሷ ከመስመሩ ሁለት ጫማ ያህል ቀደም ብላ ጸጥ ብላ አረፈች። ደስ ብሎኝ ወደ እነሱ ዞርኩ።

«ቲቸር» አለኝ ባለጠመንጃው፣ «አሁን እንጫወት ወይስ ሌላም የምታጣጥፊው አለ?»